አንድ በሽታ ቤተሰቡን ስንት ብር እንደሚያሳጣው እንዴት ይሰላል?

ጎንደር ላይ ቤት ለቤት ዞሮ «ለሕክምና ስንት አወጡ?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ መዝጋቢ ይዞ የሚመለሰው የደረሰኙን ብር ነው። ትልቁ ወጪ ደረሰኝ የለውም።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ስንት ጊዜ ያህል እንደሚጠይቁ ይወስኑ። ለተመላላሽ ታካሚ አንድ ወር፣ ተኝቶ ለታከመ አንድ ዓመት ይበቃል። «ባለፉት 30 ቀናት» ከማለት የካቲት ላይ ከሆኑ «ከጥምቀት ወዲህ» ይበሉ፤ ሰው በዓሉን ይዞ ያስታውሳል፣ ቀኑን እርስዎ ይቆጥራሉ። ጠበል ለመሄድና ለማደር የወጣውንም ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ አይነገርም።

አዘዞ ያለ የቀን ሠራተኛ ታይፎይድ ይዞት 6 የሥራ ቀን ቀረ እንበል። በቀን 400 ብር ካገኘ 2,400 ብር አጥቷል። ሚስቱ እሱን ስታስታምም ጉሊቷን 3 ቀን ዘጋች፤ በቀን 250 ብር የምታተርፍ ከሆነ 750 ብር ነው (የሚያዘው ትርፉ እንጂ ሽያጩ አይደለም)። ካርድ፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት 900፣ ባጃጅ 240። ድምሩ 4,290 ብር፤ ደረሰኝ ያለው 900ው ብቻ።

ገበሬ ላይ ስሌቱ ይለያል። ሰንበትንና የማይታረስባቸውን በዓላት ይቀንሱ። ጎረቤት በደቦ ካረሰለት ሰብሉ አልጠፋም፤ ወጪው የተደገሰው እንጀራና ጠላ ነው። በወንፈል ከሆነ ደግሞ በተራው የሚመልሰው የጉልበት ቀን። በሬ ሸጦ ከታከመ የበሬውን ዋጋ እንዳይደምሩ፣ ብሩ መድኃኒቱ ላይ ተቆጥሯል፤ በችኮላ በርካሽ በመሸጡ ያጣውን ልዩነት ብቻ ይያዙ። ከብድርም ወለዱን ብቻ።

ስቃዩን በብር መተመን ይቀራል። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ሕክምናው በነፃ ቢሆን፣ የቀረብዎት ገቢም ቢተካ፣ ሕመሙን ብቻ ለማስቀረት ስንት ይከፍሉ ነበር?» የፊተኛው ሐረግ ከተዘለለ መድኃኒቱና የቀረው ገቢ ሁለቴ ይቆጠራሉ። መነሻ ዋጋም ሰውን ይጎትታል፤ በ100 ከጀመሩ መልሱ ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጠያቂ 50፣ 200፣ 500 ከተጻፈባቸው ካርዶች መነሻውን በዕጣ ያውጡ።

«ጤና በገንዘብ አይተመንም» ያለውን ሰው ዜሮ ብለው አይመዝግቡ፤ ጥያቄውን ነው ያልተቀበለው፣ ለብቻው ይያዝ። «የለኝም» ያለው ዜሮ እውነተኛ ነው፤ ግን የለካው ኪሱን እንጂ ሕመሙን አይደለም። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ መልስ ጎን የቤቱ የወር ገቢ መጻፍ ያለበት። ፒያሳ ያለ አንድ ነጋዴ 50,000 ቢል ደግሞ አማካዩን ብቻውን ይሰቅለዋል፤ መልሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መሐል ላይ የወደቀውን ይውሰዱ።