መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ለምትፈልጉ፣ ከማርቆስ ጀምሩ

ብዙ ሰው ከዘፍጥረት ይጀምርና ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እናንተ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ዳዊት መድገም የለመዳችሁ እሱን አትተዉት፣ ወንጌሉን ጨምሩበት።

በቀን ግማሽ ምዕራፍ ይበቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ከአልጋ አላስወርድ ካለ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ እዚያው አንብቡ፣ ግን መጀመሪያ ጸልዩ። «ጌታ ሆይ፣ ልቤን ክፈትልኝ» ማለት ይበቃል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ስልክ ላይ ከሆነ ዳታውን አጥፉት፣ አለዚያ ቲክቶክ ይቀድማችኋል። ያልገባችሁን አንድ ነገር ደብተር ላይ ጻፉ።

ማርቆስ 4 ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ዘሪው ሊዘራ ወጣ፣ አንዱ ዘር ጭንጫ ላይ ወደቀና ወዲያው በቀለ። ለምን ወዲያው? ቁጥር 5 መልሱን ይዟል፣ ጥልቅ መሬት ስላልነበረው ነው። ፀሐይ ሲወጣ ጠወለገ፣ ሥር የለውማ። ጌታ ራሱ ቁጥር 16 እና 17 ላይ ሲፈታው፣ ቃሉን በደስታ ተቀብለው መከራ ሲመጣ ወዲያው ስለሚሰናከሉ ሰዎች እንደሆነ ይናገራል። እኔን ይህ ክፍል በጣም ይነካኛል፣ በአንድ ጉባኤ ሞቅ ብሎት በሳምንቱ መጽሐፉን የማይከፍት ስንት ወጣት አለ መሰላችሁ!

መንዝ ውስጥ ገብስ ሲዘሩ የኖሩ አባት ካሏችሁ ይህን ክፍል አንብቡላቸው። «አባባ፣ ጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር እንዴት ነው የሚሆነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ከእናንተ የተሻለ ያውቁታል፣ ቃሉም የራሳቸው ማሳ ላይ ሲያርፍ ታያላችሁ። ቃሉን ስታካፍሉ እንዲህ ጠይቁ እንጂ አትስበኩ። ረጅም ሰዓትም አይፈልግም፣ ከአቦል እስከ ቶና ያለው ይበቃል። ክርክር ከተነሳ ግን መጽሐፉን እጠፉና ቡናችሁን ጠጡ፣ በክርክር የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ደብተሩ ላይ የጻፋችሁትን ጥያቄ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ውሰዱት። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን ነበር፣ ግን ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ ሲጠይቀው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። እሱ ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን?

ካነበባችሁት ውስጥ በሳምንት አንዱን አድርጉት። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን ከማቅረብህ በፊት ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። በድንበር ከተኳረፋችሁት ጎረቤት ጋር ሳትታረቁ ሌላ ምዕራፍ ብትጨምሩ ምን ዋጋ አለው? ሽማግሌ ላኩ፣ ወይም ራሳችሁ ሂዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመቻል፣ ሁሉም ቤቱ ይገኛል።