ያ አሮጌ ላፕቶፕ ነፍስ እንዲዘራ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። «በቃ ሞቷል፤ ዕቃ ዕቃውን ከፈለግከው ፍታው» አለኝ። ሰካሁት፣ አበራሁት፣ ሰዓት ያዝኩ። ዊንዶውስ እስኪነሳ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ላፕቶፕ በሃያ ሰከንድ ይነሳ ጀመር፤ ልጁም እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን የሚሠራው በእሱ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ማርጀት አይደለም። አቧራ፣ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ እና የራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ማነስ ናቸው። ሦስቱም ቤት ውስጥ በአንድ ካቻቢቴ ይስተካከላሉ። ስለዚህ ለአዲስ ላፕቶፕ ብላችሁ ዕቁብ እስኪደርሳችሁ ከመጠበቃችሁ በፊት ይሄንን ሞክሩ።

ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፋይላችሁን አውጡ። ፎቶ፣ የትምህርት ጽሑፍ፣ የጌም ሴቭ፣ ሁሉንም ሁለት ቦታ ኮፒ አድርጉ። አንድ ቦታ ብቻ ያለን ፋይል እንደሌለ ቁጠሩት። ይሄን የምለው ስላቃጠለኝ ነው። ከዓመታት በፊት 64 ጊጋ ተብሎ በተሸጠልኝ ፍላሽ የአክስቴን ልጅ የሠርግ ፎቶ ገለበጥኩ። ኮፒው ያለ ምንም ችግር አለቀ። ፎልደሩ ይታያል፣ የፎቶዎቹ ስም ይታያል፤ ስከፍታቸው ግን አብዛኞቹ ግራጫ ብቻ ናቸው። ፍላሹ በእውነት የሚይዘው 8 ጊጋ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ግን «64 ነኝ» እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። ከሞላ በኋላ የጻፋችሁበት ሁሉ የትም አይቀመጥም። የካሜራውን ሜሞሪ አጥፍተነው ስለነበር ፎቶው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አዲስ ፍላሽ ሳልፈትሽ አልጠቀምም። ለዊንዶውስ ኤች2 ቴስት ደብሊው፣ ለሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ ለሚጫነው ነፃ ሲስተም) ደግሞ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፍላሹን ጥግ ድረስ በዳታ ይሞሉትና መልሰው እያነበቡ ያመሳክራሉ። ጊዜ ይወስዳል። ማታ አስጀምራችሁት ተኙ።

አሁን ወደ መፍታቱ። የደሴ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ብርዱ ሲጠና ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ላፕቶፑ ደግሞ እዚያው ምንጣፍ ላይ ወይም አልጋ ላይ ነው። ፋን አየር ሲስብ አመዱንም፣ የምንጣፉን ብናኝም አብሮ ይስባል። የዚያን ልጅ ላፕቶፕ ስከፍተው በፋኑና ሙቀቱን በሚያስወጡት ስስ የብረት ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ግራጫ ነገር አገኘሁ። በወረንጦ ስስበው ሳይበጠስ በአንድ ጊዜ ወጣ። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን ሙቀት የማውጣት አቅሙ ከቆላው ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ በሀረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ሌላ ችግር ይጠብቃችኋል፤ አየሩ ራሱ ይሞቃል፣ አቧራውም ይብሳል። የትም ብትሆኑ በዓመት አንዴ መክፈት ግድ ነው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ውስጥ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረችው ኮረንቲ ትውጣ። ሹራብ ከደረባችሁ አውልቁት፤ የሱፍ ልብስ የሚፈጥራት ትንሽ ብልጭታ ራም ለማቃጠል ትበቃለች። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊትም የሆነ ትልቅ ብረት ንኩ። ብሎኖቹ ቁመታቸው አንድ አይደለም፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት ማዘርቦርዱን ይበሳዋል። እኔ የላፕቶፑን ጀርባ ወረቀት ላይ እስልና እያንዳንዱን ብሎን ከነቦታው እሰካበታለሁ። ሲገጠም ማሰብ አያስፈልግም።

አቧራውን ለስለስ ባለ ብሩሽ አንሱ። አየር የምትነፉበት ከሆነ ፋኑ እንዳይዞር በጣታችሁ ያዙት። ቀጥሎ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የመዳብ ቱቦ ፍቱ፤ ብሎኖቹ አጠገብ ብዙውን ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ተጽፏል፣ ስትፈቱ ከኋላ ጀምሩ፣ ስታስሩ ከአንድ። ፕሮሰሰሩ ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ አዲሱን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠብ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ማብዛት አይጠቅምም። የዚያ ልጅ ላፕቶፕ ጌም ሲከፈትበት 95 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ከዚህ በኋላ ከ75 አላለፈም። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍባችሁ ለዚህ ነው።

እዚያው ክፍት እያለ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲ ግዙ። ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ ወዲያ ወዲህ የምትል መርፌ አለች። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል፤ መርፌዋ ደግሞ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሽንኩርቱን ከአንዱ ጥግ፣ በርበሬውን ከሌላው ጥግ እንደሚፈልግ ሰው ስትሯሯጥ ትውላለች። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በተለመደው ሳታ በሚባለው ማገናኛ እንኳን በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ሀርድ ዲስኩ ግን ቢበዛ 100 አካባቢ ነው፣ ትናንሽ ፋይል ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያ በጣም ይወርዳል። 240 ወይም 256 ጊጋ ያለው ለብዙ ሰው ይበቃል። ላፕቶፓችሁ የሚቀበለው ባለ 2.5 ኢንቹን ነው ወይስ እንደ ማስቲካ ቀጭኑን ኤም.2 የሚለውን ሳታዩ አትግዙ፤ ኤም.2 ራሱ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባል ሁለት ዓይነት አለው፣ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ አይሠራም። የወጣውን ሀርድ ዲስክ አትጣሉት። ትንሽ የዩኤስቢ መያዣ ገዝታችሁ ክተቱት፣ ፊልም ይያዝላችሁ።

ራም ላይ ቶሎ ልለፍ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይቀያየሩም፣ ጥርሳቸው አይገጥምም። የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱና ተመሳሳዩን ጠይቁ። ዋጋው ከፈቀደ ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ራሙን ለምስልም ስለሚጋራው፣ ሁለት ሲሆኑ በሁለት መንገድ ያጓጉዙለታል። ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ያገለገለ ልትገዙ ፒያሳ የምትዞሩ ከሆነ «ኮር አይ 7 ነው» የሚለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 2620 ብሎ ከጀመረ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ካለ ስምንተኛ። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ዩ የሚል ፊደል ያለባቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ነበራቸው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምንተኛው ትውልድ አይ 5 ግን አራት አለው። አሮጌ አይ 7 ከአዲስ አይ 5 የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ባትሪውን ደግሞ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁ እዩት። አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ ከገፋ በነፃ ቢሰጧችሁም ባትሪውን አትጠቀሙበት፤ እሳት ያስነሳል።

ምን እንጫንበት? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ላለ ማሽን እኔ ሊኑክስ ሚንት እላለሁ፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ አያዞርም። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ ቢቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥል ዳውንሎደር አውርዱት። ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፉት፣ ላፕቶፑን እንደገና አስነሱና የቡት ሜኑውን (ከየት ልነሳ ብሎ የሚጠይቀውን ዝርዝር) ጥሩ፤ ዴል እና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ደስ የሚለው ሳይጫን ከፍላሹ ላይ መሞከር መቻሉ ነው። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን ሞክሩ። ሁሉም ከሠራ ጫኑት።

ሒሳብ ሠራተኛ ሆናችሁ በፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ ወይም አውቶካድ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ዊንዶውስን አትልቀቁ። ለእናንተ ኤስኤስዲውና ራሙ ይበቃል።

ሚንትን የወደድኩበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኘ ሰው ድንጋጤውን ያውቀዋል። ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። አታድርጉት! ቫይረሱ ፋይላችሁን አላጠፋውም፣ የደበቀው ነው። ፍላሹን ሚንት ላይ ስትሰኩት የተደበቀው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተጠራቅሞ። የእናንተን ፋይሎች አውጡና ሾርትከቶቹን ሰርዙ። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ መንገድ አውጥተንላት ፍላሹን እያገላበጠች ስታለቅስ አይቻለሁ። አማርኛ ለመጻፍ ደግሞ «አይባስ» (IBus) እና «ኤም17ኤን» (m17n) የሚባሉትን ፕሮግራሞች ጫኑና «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ አማራጭ ምረጡ፤ እኔ ይሄን የምጽፈው በእሱ ነው።

መብራት። የሚጎዳው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡ ነው። መብራት እንደሄደ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ይርጋ፣ አምፖሉ መርገብገቡን ያቁም፣ ከዚያ ሰኩ። ዴስክቶፕ ያላችሁ ያለ ስታብላይዘር አታብሩ። በብርድ ማለዳ ከውጭ ያመጣችሁትን ላፕቶፕ ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት እንደገባችሁ ወዲያው አትክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ግማሽ ሰዓት ቦርሳው ውስጥ ይቆይ።

አሁን ጌም። ኢንቴል ኤችዲ 4400 ዓይነት ግራፊክስ ያለው ማሽን የዘንድሮን ጌም አይጎትትም፣ አትድከሙ። ግን ባለፉት ዓመታት የወጣ ስንት ጥሩ ጌም አለ! ሱፐርታክስካርት ለታናናሾቻችሁ፣ ኦፕንቲቲዲ መንገድና ባቡር መዘርጋት ለሚወድ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ልዩ ወታደራቸው ሾተል የያዘ ነው፣ የዮዲትም ታሪክ ይጫወታል። መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነው ያሳየሁት። የስክሪኑን ጥራት ወደ 1280 በ720 አውርዱ፣ ጥላውን አጥፉ፣ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚያሳየውን የምስል ብዛት) 30 ላይ ገድቡት። 60 እና 25 እየሆነ ከሚዘል ጌም ቋሚ 30 ይሻላል፣ ማሽኑም አይግልም።

እኔ ግን ከሁሉም የምመክራችሁ ዜሮ ኤ ዲ የሚባለውን የጥንት መንግሥታት የጦርነት ጌም ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ ይሠራል፣ ኩሻውያንን መርጣችሁ መሮዌን መገንባት ትችላላችሁ። መብራት በሄደ ማታ እኔና ወንድሜ የምንጫወተው እሱን ነው። አንዱ ስልክ ላይ ሆትስፖት እንከፍታለን፣ ዳታውን እናጠፋዋለን፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ አንድ ብር አይወጣም። ሁለቱም ላፕቶፖች ሆትስፖቱ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ጨዋታውን ሆስት አደርጋለሁ፣ ከኔትወርክ ሴቲንግ የአይፒ ቁጥሬን አይቼ እነግረዋለሁ፣ እሱ ጆይን ብሎ ቁጥሩን ያስገባል። ትንሽ ካርታ ምረጡ፣ የሕዝቡን ቁጥር 100 ላይ ገድቡት፤ ሠራዊቱ ሲበዛ አሮጌ ፕሮሰሰር ይንገዳገዳል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ፣ ደህና ባትሪ አንድ ዙር ያስጨርሳችኋል። የሁለታችሁም ጌም ቨርዥኑ አንድ ካልሆነ አያገናኝም፣ ስለዚህ አንዳችሁ ብቻ አውርዱና ለሌላው በፍላሽ ስጡት። የተፈተሸ ፍላሽ ይሁን።