ማዘዣ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ጥራዙን ቁጠሩ

ክሊኒክ ውስጥ የመድኃኒት ማዘዣ ጠፋ ከተባለ ታካሚውን ከማፋጠጥ በፊት ተራ ቁጥር ያላቸው የማዘዣ ቅጠሎች የተጠረዙበትን ጥራዝ እዩ። ጥራዝ ለሐኪም ሲሰጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር፣ ቀኑና ፊርማው መዝገብ ላይ ይስፈር። ማታ ማታ ደግሞ ቀጣዩን ባዶ ቅጠል ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ ትናንት 0451፣ ዛሬ 0478 ከሆነ 27 ቅጠል ወጥቷል ማለት ነው። የታካሚዎቹ ካርዶች ላይ 26 ብቻ ካለ አንዱ የት ገባ? ይህ የሚለየው ሐኪሙ የማዘዣውን ቁጥር ካርዱ ላይ ከጻፈ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። የተሳሳተ ቅጠልም ተቀዶ ቅርጫት አይግባ፤ «ተሰርዟል» ተብሎበት ጥራዙ ላይ ይቅር።

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም በገበያ ቀን፣ ከገጠር የመጣ ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ወረቀቱን ሊጥል ይችላል። ምትክ ከመጻፋችሁ በፊት በአካባቢው ላሉት ፋርማሲዎች ደውላችሁ የጠፋውን ማዘዣ ቁጥር አስይዙ፤ በአዲሱም ላይ ለምሳሌ «የ0463 ምትክ» በሉበት። ስም ይመሳሰላልና የአያት ስምና ቀበሌ አይቅር።

የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ፣ ማለትም ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉና አእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች፣ ልዩ ማዘዣ ግን ለብቻው ይቆለፍበት። ከጎደለ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ለኃላፊው በጽሑፍ ይገለጽ።