«አድሚኒስትሬተር»ን ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም

ማራኪ አካባቢ ኮፒ ቤት የከፈታችሁ የጎንደር ልጆች፣ ይቺን ልብ በሉ። ዊንዶውስ ሲጫን «አድሚኒስትሬተር» የሚባል፣ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያዝ አካውንት አብሮት ይመጣል። ብዙ ሰው ስሙን ቀይሮ ተገላገልኩ ይላል። የት ተገላግሎ! የአካውንቱ መለያ ቁጥር ምንጊዜም የሚያልቀው በ500 ነው፤ ስሙን «አበበ» ብትሉትም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የደህንነት ፍተሻ ፕሮግራምም ሆነ ሰርጎ ገብ በዚሁ ቁጥር ይለየዋል።

በቤትና በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ አካውንቱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ግን ፎርማት የሚያደርግላችሁ ልጅ ለሥራው እንዲመቸው ከፍቶት፣ ያለ ፓስወርድ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ዊንዶውሳችሁ ፕሮ ከሆነ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ገብታችሁ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር እዩ። የአካውንቱ ምልክት ላይ ቁልቁል የምታይ ትንሽ ቀስት ካለች ተዘግቷል። ከሌለች ዝጉት፤ መጀመሪያ ግን ሌላ የአድሚን አካውንት መኖሩን አረጋግጡ።