ሳያዩ መሰካት እና ሌሎች የፋይበር ኮኔክተር ስህተቶች

ጀማሪው አዲሱን የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ (መረጃን በቀጭን መስታወት ውስጥ በብርሃን የሚያስተላልፈውን) ከከረጢቱ ያወጣል፣ የኮኔክተሩን (የመሰኪያውን) ቆብ ይነቅላል፣ ወዲያው ይሰካል። «አይተኸዋል?» ስለው «አዲስ እኮ ነው» ይለኛል። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አዲስ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም! ቆቡ ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የቅባት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ሲከርም አቧራ ይሰበስባል። በሲንግል ሞድ ፋይበር (ብርሃን በአንድ መንገድ ብቻ በሚጓዝበት ዓይነት) ብርሃኑ የሚያልፍበት ኮር ስፋቱ 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ስለዚህ ዓይናችን የማያየው ብናኝ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል።

ጉዳቱ ብርሃን በመጋረድ ቢያበቃ ኖሮ ጠርገነው እናልፍ ነበር። ነገር ግን ሲሰካ በኮኔክተሩ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ሁለቱን ፌሩሎች (ፋይበሩን በመካከላቸው የሚይዙትን የኮኔክተር ጫፎች) አፍ ለአፍ ያጣብቃቸዋል። በ2.5 ሚሊ ሜትር ፌሩል ላይ ግፊቱ ወደ 10 ኒውተን ይጠጋል፤ አንድ ኪሎ እንደተጫነበት ቁጠሩት። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ከመርፌ ጫፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ጠጣር ብናኝ በመካከል ከገባ ይደቅቅና ስብርባሪው መስታወቱን ይቦረቡረዋል። ከዚያ በኋላ ቢወለውሉት ጉድጓዱ አይለቅም፤ ጠባሳውም በሁለቱም ጫፎች ላይ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ከቆሸሸ አጽዱና እንደገና እዩ፤ ከጠራ ብቻ ሰኩ። የጣት ቅባት በ400 እጥፍ ሲጎላ እንደ ጤዛ የተበተኑ ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው የፌሩል ጫፍ ዳግመኛ አይነካም።

አንዱን ጫፍ ብቻ ማየትም ያው ነው። እኔም ፈጽሜዋለሁ። ሲግናሉ ብቅ ጥልቅ በሚልበት አንድ መስመር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስደክም አደርሁ፤ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቀየርሁ፣ ሞጁሉንም (ብርሃኑን የሚልከውንና የሚቀበለውን ክፍል) ለወጥሁ። በአዳፕተሩ (ሁለቱን ኮኔክተሮች በሚያገናኘው ቁራጭ) ውስጥ ከወዲያ በኩል ያለውን ጫፍ ያየሁት ሊነጋ ሲል ነው። ቆሻሻው እዚያ ነበር። ሦስቱን አዳዲስ ገመዶች በዚያው ጫፍ እየበከልሁ እንደነበር ሲገባኝ በጣም አዘንሁ።

በአልኮል አጽድቶ ሳያደርቁ መሰካት፦ የሚደርቀው አልኮል የሟሟውን ቅባት ጫፉ ላይ ትቶት ይሄዳል። በእርጥቡ ከጠረጋችሁ በኋላ ወዲያውኑ ክር በማይተው ደረቅ መጥረጊያ አድርቁት፤ በተጠቀማችሁበት የመጥረጊያ ክፍል ላይ አትመለሱ። በሸሚዝ መጥረግና በአፍ እፍ ማለት ፈጽሞ አይታሰብም።

አረንጓዴውን ኮኔክተር ከሰማያዊው ጋር ማገናኘት፦ ቅርጻቸው ስለሚገጥም ይሰካል። አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ ያዘመመ ስለሆነ ግን ሁለቱ መስታወቶች በትክክል አይነካኩም፤ ብርሃኑ በክፍተቱ ይባክናል።

ኮኔክተሩ ራሱ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ፋይበሩን ከፌሩሉ ጋር የሚያጣብቀውን የኢፖክሲ ሙጫ ሁለት ክፍሎች ሲያደባልቁ የገባውን አየር ሳያስወጡ ፌሩሉን ከሞሉት፣ በምድጃ ሲሞቅ አረፋው ያብጥና ፋይበሩን ያስጨንቀዋል። ተርፎ የወጣውን ፋይበር ስትቆርጡ በመጫሪያው (መስታወት በሚጭረው ስለታም መሣሪያ) ዳሰስ ብቻ አድርጉት፤ ከዚያ ወደ ውጭ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በመጫሪያው የሚጫን ሰው ፋይበሩን ፌሩሉ ውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ በሞረድ አይጠፋም። የተቆረጠችውን ስባሪ ወዲያውኑ በማጣበቂያ ቴፕ ላይ አኑሯት፤ ቆዳ ውስጥ ከገባች ማግኘቱ ከባድ ነው።

የፌሩሉን ጫፍ የሚያለሰልሰው ሞረድ ከሻካራው ወረቀት ወደ ልስልሱ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በየደረጃው ፌሩሉንና ሲሞረድ የሚይዘውን መያዣ ካላጠቡ ከሻካራው ወረቀት የተሸሸገች አንዲት ቅንጣት በልስልሱ ላይ ሆና ኮሩን ትጭረዋለች። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የተሠራ ሥራ እንደገና ሲሞረድ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ሳይታጠብ ያለፈ አንድ መያዣ ነበር። ይበልጥ እንዲያምር ብሎ አብዝቶ መሞረድም ፋይበሩን ከፌሩሉ ወለል በታች ያሰምጠዋል፤ የሰመጠ ፋይበር ደግሞ ከአቻው ጋር አይነካካም።

በመጨረሻም፣ ሲግናል ያለበትን ፋይበር በዓይን በምናይበት ማይክሮስኮፕ ፈጽሞ አትዩ። ሲግናሉ የሚጓዝበት የ1310 እና የ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፤ ሌንሱ ሰብስቦ ወደ ዓይናችሁ ይልከዋል። መጥፋቱን በፓወር ሜትር (በብርሃን ኃይል መለኪያ) ለክታችሁ ሳታረጋግጡ፣ «አጥፍቼዋለሁ» ያላችሁ የሥራ ባልደረባ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ዓይናችሁን ወደ ማይክሮስኮፑ አታስጠጉ።