በፎቶ ላይ የተማሪዎችን ዐይን የሸፈነውን ጥላ ያስወገድኩበት መንገድ

ባለፈው ግንቦት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ የገጠር ቀበሌ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን የመታሰቢያ ፎቶ ሳነሣ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ያነሣኋቸው ምስሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉድለት ነበረባቸው፤ ነጠላው ከመጠን በላይ ነጥቶ የሽመናው ክር ሲጠፋ፣ ዐይኖቻቸው ግን ከቅንድባቸው ሥር በጥላ ተውጠዋል። በመጀመሪያ ሌንሱን ጠርጥሬ ብቀይረውም ለውጥ አልነበረም።

ምክንያቱ ፀሐይዋ ነበረች። በግንቦት እኩለ ቀን ላይ ከሞላ ጎደል ከአናት በላይ ትቆማለች፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ ብርሃኑ ብርቱ፣ ጥላውም ጥቁር ነው።

አመሻሹ ለፎቶ መልካም ቢሆንም፣ ከሩቅ የሚመላለሱ ልጆች ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ስላለባቸው ቀጠሮውን ወደ ጠዋት 1 ሰዓት አዛወርኩት። በቀትር ብቻ ሊመጡ የሚችሉትን በቆርቆሮ ክዳን ጥላ ጠርዝ ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሬ አቆምኳቸው፤ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው እንዲመልስም ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ከፊት ለፊታቸው ፀሐይ ላይ አነጠፍኩ። ብርሃኑን የለካሁት ፊታቸው ላይ ሲሆን፣ ነጠላው ከመጠን በላይ እንዳይነጣ በ2/3 ስቶፕ (ስቶፕ ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቀነስኩት።

የአንዲት ተማሪ እናት «ልጄ፣ ጥለቱ እንዲታይልኝ» ብለውኝ ነበር። በአዲሱ ምስል የጥለቱ አረንጓዴ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በልጅቷም ዐይን ውስጥ የአቡጀዲው ነጸብራቅ እንደ ትንሽ ነጭ መስኮት ይታያል።