ማታ ፍርሃት ሲይዛችሁ

ሰሞኑን በስጋት እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነው። እኔን የረዳኝን ላካፍላችሁ።

ጅማ ላይ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ የወጣው ወንድሜም ስልክ አላነሳ ሲል ሆዴ ይባባል። ድሮ ወዲያው ፌስቡክ እከፍት ነበር። ወሬ ወሬን እየወለደ ይነጋብኛል። አሁን መጀመሪያ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ሻማ እለኩሳለሁ። ከዚያ መዝሙር 27ን ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ። (በቤተ ክርስቲያን ዳዊት ቁጥሩ 26 ነው፣ እንዳትደናገሩ።) «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል።

ድምፅ ማውጣቱን አደራ። በዓይን ብቻ ሲነበብ ሐሳብ ይሸሻል። የራስን ድምፅ ጆሮ ሲሰማው ግን ትንፋሽ ይረጋጋል፣ ልብም ይመለሳል።

ደግሞ «ፈራሁ» ማለት እምነት ማጣት አይምሰላችሁ። ዳዊት ራሱ ፍርሃቱን አልደበቀም፤ በመዝሙር 56 በሚፈራበት ጊዜ በእግዚአብሔር እንደሚታመን ይናገራል። ስለዚህ ያስፈራችሁን ነገር ሳትሸፋፍኑ ንገሩት። የምትሰጉለትን ሰው በስሙ እየጠራችሁ ለምኑለት።

ቀጥሎ ብቻችሁን አትቀመጡ። እኔ ጎረቤቴን አንኳኳለሁ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ባለፈው ጀበናዋን ጣደች፣ ሁለታችንም በየእምነታችን ለወንድሜ ለመንን። በረካውን ስንጠጣ ደወለ።